የአባሪው ካርቦን

አምና ነው፤ ሰኔ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ። የሐዋርያት ጾም ከተያዘ ሁለተኛው እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላስቀምጥ ልጄ በረከት ከሚስቱ ከሰላም ጋር ከለቡ መጣ። ነፋስ ስልክ ያለችው ቤቴ ሁለት ክፍል ናት፤ እሷንም የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ሰላም ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ "እማማ፣ እልል ይበሉ!" አለችኝ። ልጄ ወታደር ነው፤ የሄሊኮፕተር ሞተር ይጠግናል። ውጭ አገር ለሥልጠና ከሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ወጥቷል፤ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ። ነገሩ ድንገት አልደረሰብኝም። ግንቦት ላይ ምስር እየለቀምኩ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፤ ምክር ቤቱ ከአንዲት ሩቅ አገር ጋር የተደረገውን የመከላከያ ትብብር ስምምነት በሙሉ ድምፅ አጸደቀ ሲል። ጋዜጠኛው ለዜናው ግማሽ ደቂቃ ሰጠውና ወደ እግር ኳስ አለፈ። እኔ ምስሩን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሰላም የዘረጋችው ወረቀት ሚስት የምትፈርምበት ቅጽ ነው። ሰኞ ጠዋት ይገባል ተብሏል፤ ቢሮው ከኔ ቤት ስለሚቀርብ ሊያድሩ ነው የመጡት። መነጽሬን አድርጌ የመጨረሻውን መስመር አየሁት። "የስምምነቱንና የአባሪውን ይዘት ተረድቻለሁ" ይላል። ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለ።

"አባሪውን አይታችሁታል?" አልኳቸው።

ሰላም ሳቀች። ጎፋ የሞባይል ዕቃ የምትሸጥ ፈጣን ልጅ ናት፤ እጇም አፏም አያርፍም። "እማማ ደግሞ! ሰው ስልኩ ላይ አዲስ ነገር ሲጭን 'ተስማምቻለሁ' የሚለውን ተጭኖ ነው የሚያልፈው። ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?"

"ይሄ ስልክ አይደለም።"

"እማዬ፣ አባሪ የኛ ደረጃ አይደለም" አለ በረከት። "እሱን የሚያነብ ሰው አለው። እኔን መርጠውኛል፣ በቃኝ። ደግሞ የአባዬ መንገድ ነው። ያ እሳት ባይበላው ኖሮ ቢያንስ አፅሙ አገሩ ይገባ ነበር።"

አባቱን እሳት አልበላውም። ያን እሳት የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የመፈክር ዘመን ነው፤ ስለ ዘመኑ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ያሉት ብዙ ናቸው። እኔ የማስታውሰው የአውቶቡሱን ዋጋ ነው፤ አሥራ አምስት ሳንቲም። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ነው፣ በወረፋ፣ ኩፖን ተይዞ። ሴቱ ሁሉ ከጉልበት የሚያልፍ ጉርድና ትልቅ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይለብሳል። እኔ አንዲት ግራጫ ጉርድ ነበረችኝ፤ ማታ እያጠብኩ፣ ጠዋት በከሰል ካውያ እየተኮስኩ ዓመት ለበስኳት። ከፌርማታው አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው የዘፈኑን ግማሽ እዚያ ይሰማና ግማሹን በልቡ እየጨረሰ ይሳፈራል። አሥራትን ያገኘሁት በዚያ ወረፋ ላይ ነው። የጦሩ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ካኪ ለብሷል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። "እህት፣ ተራሽን እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ ዘፈኑን ጨርሺ" አለኝ። በዓመቱ ተጋባን። ልብስ ሰፊው ከሞተ ቆየ። ማዕዘኑ ላይ አሁን ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ የታክሲ ረዳቶቹ "ለቡ! ለቡ!" እያሉ ይጮኹበታል። እኔ ግን ዛሬም በዚያ ሳልፍ ተራ የያዘልኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ሥራዬ ታይፒስትነት ነበር። አዋጅና ስምምነት በንጹህ በሚገለበጥበት መሥሪያ ቤት ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ታይፕ እንመታለን። አለቃችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ ጥቁር ሻሽ የማይለያቸው፣ ድምፃቸው ከማሽኑ ሁሉ በላይ የሚሰማ ሴት። "ታይፒስት አያነብም" እያሉ ነው ያሳደጉን። "ዓይንሽ ይይ፣ ጣትሽ ይምታ፣ ልብሽን እቤትሽ ትተሽው ነይ። የምታነብ ታይፒስት ትሳሳታለች።" እውነታቸውን ነበር። አንድ ገጽ በአምስት ቅጂ ይወጣል፣ ቀለሙን ወደ ሥሩ ወረቀት የሚያሳልፍ አራት ካርቦን በመሐል ገብቶ። በተራ ወረቀት ላይ የተሳሳተች አምስቱንም ትፍቃለች። የምስጢር ወረቀት ከሆነ መፋቅ ክልክል ነው፤ ገጹ እንዳለ ተቃጥሎ እንደገና ይመታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ልባችንን የምናስቀምጥበት ቦታ ነበረን። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ በልቧ ትዘፍን ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ። እኔ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ገጹ ሲያልቅ የት እንደደረስኩ የማውቀው በጸሎቱ ነበር። በዚህም እኮራ ነበር። መንግሥት ደመወዝ እየከፈለኝ እመቤቴን አመሰግናለሁ እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከተጋባን በኋላ፣ ጥር ላይ አንድ ሥራ መጣ። ያኔ ከወዳጅ አገር ጋር፣ ዛሬ ሌላ ወዳጅ ነው፣ ወታደር ለማሠልጠን የተደረገ ስምምነት። አዋጁ ራሱ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ስምምነቱ ጸድቋል፣ አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። እሱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ነገሩ ያለው ግን አባሪው ውስጥ ነው፤ ማን ይሄዳል፣ ማን ያበላዋል፣ ቢታመም ማን ያሳክመዋል። አባሪው አይታተምም። እሱን የመታሁት እኔ ነኝ። አርብ ቀን ነበር። የአርቡን ውዳሴ ማርያም ሦስት ጊዜ ደገምኩ፤ አንድ ስህተት አልሠራሁም። እትዬ ዘውዴ ገጾቹን አገላብጠው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ያገለገለው ካርቦን ተቆጥሮ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ይቃጠላል። እኔ ግን ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የጥልፍ ንድፍ ጨርቅ ላይ የምንገለብጠው በካርቦን ስለሆነ አንድ ሁለት ቅጠል ወደ ቤቷ ያልወሰደች ታይፒስት አልነበረችም። "እትዬ፣ ለሕፃኑ የክርስትና ልብስ መስቀል ልንደፍበት" አልኳቸው። ወዲያ ወዲህ አዩና አንድ ቅጠል አጥፈው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። "ለክርስትና ከሆነ እግዚአብሔርም መንግሥትም ይቅር ይላል። ቆጠራው ላይ እኔ አለሁ።"

ሁለት ወር ሳይሞላ አሥራት ከፌርማታው እየሮጠ ቤት ገባ። "ጥሩዬ! ስሜ ወጣ!" ስሜ ጥሩነሽ ነው፤ ጥሩዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። አቅፎ አነሳኝ፣ ከዚያ ሆዴ ትዝ አለውና ቀስ ብሎ አስቀመጠኝ። ውጭ አገር መሄድ በዚያን ጊዜ ሎተሪ ነበር። የሄደ ሰው ቴፕ ይዞ ይመጣል፣ የሱፍ ካፖርት ይዞ ይመጣል፣ ማዕረግ ይጨመርለታል።

"ስምምነቱን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አለኝ። "ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይላል? ቀለቡ እንዴት ነው? ብርድ ልብስ ይሰጣሉ?"

"አላነበብኩትም።"

"እንዴ! ጽፈሽው?"

"መታሁት እንጂ አላነበብኩትም።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ወጥ ሠርታ የማትቀምስ ሚስት አግብቼአለሁ በሉኝ!" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ የሚስት ቅጽ መጣልኝ፣ በሦስት ቅጂ። መጨረሻው መስመር ላይ ያው ቃል ነበር፤ የስምምነቱንና የአባሪውን ይዘት ተረድቻለሁ። የእትዬ ዘውዴን ብዕር ተውሼ፣ በቆምኩበት፣ ሦስቱንም ፈረምኩ።

ሚያዝያ ላይ ሸኘሁት። የጓደኛውን ካፖርት ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮት አንጓው ይታያል። ሰፈራችን ድሮ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበረበት፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይሉ ነበርና "የነፋስ ስልክ ሰው ነኝ፤ በነፋስ እደውልልሻለሁ" አለኝ። አልደወለም፤ ስልክም አልነበረንም። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። በአንደኛው በርበሬ ላኪልኝ አለ፤ በሁለተኛው ወንድ ከሆነ በረከት በይው አለ። ፀጉራም ኮፍያ ያደረገበት ፎቶግራፍም ነበረበት፤ ገና ባልቀለጠ በረዶ መሐል ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። ግንቦት ላይ ወንድ ወለድኩ። ልጁ አርባ ቀን ሲሞላው በነጭ ፖፕሊን ላይ የጠለፍኩትን መስቀል ለብሶ ክርስትና ተነሣ።

ልጄ ስምንት ወር ሲሆነው፣ የጥምቀት ሰሞን፣ እትዬ ዘውዴ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። እየመታሁ ነበር። "ገጹን ጨርሺና አብረን ወደ ቤትሽ እንሄዳለን" አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለውን ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ጨረስኩት፤ ስህተት አልነበረበትም። ቤቴ ስደርስ ዘመድ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶ ቆሟል። አሥራት የሞተው የሞተር ማንሻ ሰንሰለት ተበጥሶበት ነው፣ ደረቱን መትቶት። በልብሱና በዚያ ፎቶግራፍ አለቀስን። እኔ ግን አስከሬኑን እጠብቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ጠብቄ ነገሩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ሰማያዊ ኮት የለበሰ ወጣት አስቀመጠኝ፤ ውኃም ሰጠኝ።

"እህቴ፣ በአባሪው መሠረት እዚያው ተቀብሯል። ሥርዓቱ በክብር ተፈጽሟል" አለኝ።

"ማን ፍትሐት አደረሰለት?"

የውኃውን ብርጭቆ ወደኔ አስጠጋው።

"አባሪውን አሳዩኝ።"

"ምስጢር ነው።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ቀና ብሎ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። "እንግዲያ ታውቂዋለሽ" አለኝ።

አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። የክርስትና ልብሱን ላስቀምጥ ሳጥን ስከፍት ያ ካርቦን ከሥር ታጥፎ ተኝቷል። አንዴ ብቻ ያገለገለ ካርቦን ወደ ብርሃን ሲያዙት ፊደሉ ነጥቶ ይነበባል፤ ይህን ማንኛዋም ታይፒስት ታውቃለች፣ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። ወደ መስኮቱ ያዝኩት። የራሴን የጣት አመታት ለየሁት፤ በኔ ማሽን "ም" ከመስመሩ ዝቅ ትል ነበር። "አንቀጽ አሥራ አራት። በሥልጠና ላይ ሳለ በሞት የተለየ ሠልጣኝ ሥርዓተ ቀብሩ በተቀባዩ አገር ሕግ መሠረት በዚያው ይፈጸማል። አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመመለስ ከሁለቱ ወገኖች በአንዳቸውም ላይ ግዴታ አይኖርም።" ለልጄ የነደፍኩት መስቀል በላዩ ላይ ነው። ቀኝ ክንዱ "ግዴታ አይኖርም" የሚለውን አቋርጦ ያልፋል። እኔ እመቤቴን ሦስት ጊዜ ስለምናት እጄ ይህን ይጽፍ ነበር።

ባነበውስ ኖሮ? ሕጉ አይለወጥም ነበር። ታይፒስት ሕግ አትለውጥም። ግን አሥራት "ምን ይላል?" ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይኖረኝ ነበር። ምናልባት ሰምቶም ይሄድ ነበር፤ ልጅ ነበር፣ ሞት የሌላ ሰው ነገር ይመስለው ነበር። አውቆ በሄደ ነበር ግን። እኔም አውቄ በፈረምኩ ወይም እግሩን ይዤ ባስቀረሁት ነበር። ልጄ አምስት ዓመት ሲሆነው "የአባዬ መቃብር የት ነው?" አለኝ። "ሞተሩ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ፤ የሚመጣ ነገር አልተገኘም" አልኩት። አባትህ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ በሰው አገር አፈር ውስጥ ተኝቷል፣ እዚያው እንዲቀር በንጹህ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። "ለልጁም ንገሪው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ንስሐ አባት ቀብሬአለሁ።

አላማርርም፤ ጡረታዬ ይደርሰኛል፣ ልጄ ጤነኛ ነው፣ ዓይኔም በመነጽር ያነባል። ግን በየዓመቱ በበዓል ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የየዘመዱን መቃብር ሲጠርግ፣ ጧፍ ሲያበራ፣ እኔ የምሄድበት የለኝም። ዘመድ የሌለው የመሰለኝን መቃብር መርጬ አበራለሁ። አንድ ጊዜ የዚያ ሟች ልጆች መጥተው "እናታችንን ያውቋታል?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ሌላ ውሸት። እትዬ ዘውዴ ሳይሞቱ ካርቦኑን አሳይቻቸው ነበር። አንብበው ሲጨርሱ "አንብቡ ብዬ ባስተምራችሁ ኖሮ አንዳችሁም ሥራ ላይ አትቆዩም ነበር" አሉኝ። ይህም እውነት ነው።

እና ግንቦት ላይ ያን ዜና የሰማሁ ጊዜ፣ ልጄ ሞተር ጠጋኝ ነውና፣ ልቤ ቀድሞ ያውቅ ነበር። አዋጁ የሚወጣበት ጋዜጣ ታትሞ እስኪወጣ ጠበቅሁ። በሁለት ታክሲ ሄጄ ገዛሁት። አንድ ቅጠል ነው። "አባሪውስ?" አልኩት ሻጩን። "እማማ፣ አዋጁ ይኸው ነው። አባሪ እኛ ጋ አይመጣም" አለኝ በትሕትና። ቆሜ አነበብኩት፤ ዝናቡ እንኳ እስኪያባራ አልፈጀም። ዛሬ ማሽኑ ሌላ ነው፣ ካርቦን ቀርቷል፣ አገሯም ሌላ ናት። ግማሽ ገጹ ግን ያው ግማሽ ገጽ ነው። አዲሱ አባሪ ምን እንደሚል አላውቅም። ደግ ይሆናል። ሙታንን ለእናቶቻቸው የሚመልስ ይሆናል። አላውቅም፤ ልጄም አያውቅም፤ የምትፈርመውም ልጅ አታውቅም።

ያን እሑድ የጾም ምሳ አቀረብኩላቸው። ሰላም ከሥልጠና ሲመለስ ምን ምን እንደሚያመጣላት እየቆጠረች ታስቀው ነበር። "ካፖርት አልፈልግም፣ ለቡ ካፖርት አያስለብስም፤ ሽቶ ብቻ!" ትላለች። በረከት ሲስቅ ሆዱን ይይዛል፤ ማንም አላስተማረውም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ "ጨምሩ እንጂ፣ ብሉ" አልኩ። ቅጹ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶው በላዩ። "ጠዋት ስንወጣ እፈርማታለሁ" አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሲዘንብ ያደረው ደመና ገለጥ ብሎ ነበር። ጸሎቴን አደረስኩ፤ ያን ቀን የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ቃል በቃል፣ በዝግታ አነበብኩት። ሳጥኑን ከፈትኩ። የክርስትና ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ካርቦኑን ፀሐይ በሚገባበት በኩል መስኮቱ መስታወት ላይ አራት ማዕዘኑን በፕላስተር ለጠፍኩት። ሰላም ጫማዋን አድርጋ እስክሪብቶውን አንሥታ ነበር።

"አስቀምጪውና ነይ ልጄ" አልኳት። "ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።"

"ምንድነው እማማ? ጥልፍ ነው?"

"ከጥልፉ ሥር ያለውን።"

እንደ ልማዷ ፈጥና ጀመረች። "አንቀጽ አሥራ አራት" ስትል በረከት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ከጓሮ ገባ። "በሞት የተለየ ሠልጣኝ" የሚለው ላይ ድምፅዋ ዘገየ። "በዚያው ይፈጸማል" የሚለው ላይ ልጄ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። መጨረሻ ላይ ያለውን፣ መስቀሉ የሚያልፍበትን፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"እማማ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?"

በረከት ፊቴን እያየ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።